ሁለተኛዋ ብስክሌት ትሸጥ?

በድሮ ጊዜ በረት ውስጥ ያለ ሥራ የቆመ ፈረስ ባለቤቱን ዝም አይለውም ነበር። ገብስ ይጠይቃል፣ ውሃ ይጠይቃል፣ ከዘገዩበትም ያሽካካል። ሳይጫን በከረመ ቁጥር ይሰባል፣ ይሰንፋል፣ በመጨረሻም መንደርተኛው ሁሉ እያየ ጌታውን ያስወቅሰዋል። ስለዚህ ሁለተኛ ፈረስ ያለው ሰው «ልሽጠው ወይስ ላቆየው?» የሚለውን ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ሊያሳድረው አይችልም፤ የመኖው ወጪ በየዕለቱ ያስታውሰዋል። ብስክሌት ግን አትበላም። ግድግዳ ተደግፋ፣ አሮጌ አንሶላ ለብሳ፣ ዓመት ከዓመት ዝም ብላ ትቆማለች። ስለማትጠይቅም ስለ እርሷ ሊሰጥ የሚገባው ውሳኔ ከመስከረም ወደ ጥር፣ ከጥር ወደ ሰኔ ይተላለፋል። ሰኔ ሲገባ ደግሞ «አሁንማ ክረምት ነው፣ በዝናብ ማን ብስክሌት ይገዛል?» ይባልና ነገሩ ለመስቀል ይቀጠራል።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህች ስለማትጠይቅ ንብረት ነው። እኔም ሁለት የተራራ ብስክሌቶች አሉኝ። አንደኛዋ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ወደ እንጦጦ ትወጣለች። ሁለተኛዋ ግን ባለፉት ሁለት ዓመታት ከግቢ የወጣችባቸው ቀኖች በአንድ እጅ ጣቶች ተቆጥረው ያልቃሉ። ትሸጥ ወይስ ትቆይ? ነገሩ ሲያዩት እጅግ ትንሽ ነው፤ አገር የሚያናጋ ጉዳይ አይደለም። እያደር ሳስበው ግን ስለ ገንዘብ፣ ስለ ንብረትና ስለ ወዳጅነት ያለንን ሐሳብ አንድ ላይ የሚፈትን ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። አንባቢም በየቤቱ የቆመ የራሱ «ሁለተኛ ብስክሌት» ሊኖረው ይችላልና ክርክሩን አብረን ብንመረምረው አይከፋም።

በመጀመሪያ «ትቆይ» ለሚለው ወገን በቅንነት እንቁምለት። በአገራችን ዕቃን ይዞ መቆየት ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ኑሮ ያስተማረው ጥንቃቄም አለበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ሄደ። ያን ጊዜ ብር የያዘ ሰው አዘነ፤ ዕቃ የያዘ ሰው «እንኳን አልሸጥሁ!» አለ። ከውጭ የሚገባው ሁሉ፣ ከመኪና አንሥቶ እስከ ብስክሌት ጎማ ድረስ፣ ዋጋው ወደ ላይ ሲሸሽ ያየ ሰው ብር ይቀልጣል፣ ዕቃ ይቆያል ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ዛሬ ሸጦ ነገ ቢጸጸት፣ በሸጠበት ዋጋ መልሶ እንደማይገዛት ያውቃል። አባቶችስ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ያለ ችግር ችግር ለሚፈጥር ሰው አይደለም? ካልቸገረኝ ለምን እሸጣለሁ?

ክርክሩ ጠንካራ ነው። ጥያቄው ግን ብስክሌት በእርግጥ «የሚቆይ ዕቃ» ናት ወይ የሚለው ነው። ወርቅ በሣጥን ውስጥ ሃያ ዓመት ቢቀመጥ ያው ወርቅ ነው። ብስክሌት ለመንቀሳቀስ የተሠራች ስለሆነች መቆም ራሱ ይጎዳታል። የጎማዋ አየር እየጎደለ ሲሄድ ክብደቷ ሁሉ በአንድ ቦታ ላይ ያርፍና የጎማው ጎን ይሰነጠቃል፤ ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ይደርቃል። በፊት ሞላዋ ውስጥ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች በእንቅስቃሴ ካልረጠቡ ይደርቃሉ፤ ከደረቁ በኋላ በመጀመሪያው ጉዞ ዘይቱን ማፍሰስ ይጀምራሉ። በአንዳንድ ብስክሌቶች ላይ የሚሞላው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው፣ ማንም ሳይነካው ኃይሉ ይቀንሳል። ሰንሰለቷን ለማዛግ ደግሞ አንድ የአዲስ አበባ ክረምት ይበቃል። እንግዲህ ብስክሌትም ትበላለች ማለት ነው፤ ልዩነቱ እንደ ፈረሱ ሳታሽካካ ራሷን መብላቷ ነው።

ከዚህ ሌላ በዐይን የማይታይ እርጅና አለ። ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል የተራራ ብስክሌት ማለት ባለ 26 ኢንች ጎማ ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሎምፒክ የወንዶቹን የተራራ ውድድር ያሸነፈው ቼካዊው ያሮስላቭ ኩልሃቪ የነዳው ግን ባለ 29 ኢንች ነው። ከዚያ ወዲህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትልልቆቹ አምራቾች 26ቱን ለልጆችና ለርካሽ ብስክሌቶች ትተው ወደ 27.5 እና ወደ 29 ዞሩ። ከፔዳሉ ጋር የሚዞረው ባለ ሦስት ጥርስ ወደ አንድ ወረደ። የኋላው ጎማ የሚታሰርበት ስፋት ከ135 ሚሊሜትር ወደ 142፣ ከዚያም ወደ 148 ሰፋ። የእኔ ሁለተኛ ብስክሌት ባለ 26 ኢንች፣ ባለ 27 ማርሽ ናት። ለእርሷ የሚስማማ ተራ ጎማ በመርካቶ ዛሬም አይጠፋም፤ ደኅና የፊት ሞላ ወይም ጠንካራ ቸርኬ ፍለጋ የወጣ ሰው ግን ከዓመት ዓመት መንገዱ ይረዝምበታል። መንገድ ሳይበላት፣ ድንጋይ ሳያገኛት፣ በቆመችበት አረጀች። ብሩ በባንክ እየቀለጠ መሆኑ እውነት ነው፤ እርሷም በጓዳ እየቀለጠች መሆኗ ግን ያው እውነት ነው። ስለዚህ ቀለጠም አልቀለጠም በሚለው ብቻ ነገሩ አይቆረጥም።

እዚህ ላይ የተራራ ብስክሌት እንዴት እንደ ተወለደ ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ባለው የማሪን አውራጃ የነበሩ ወጣቶች የታማልፓይስን ተራራ ቁልቁለት በብስክሌት መውረድ አማራቸው። የዘመኑ ቀጫጭን የውድድር ብስክሌቶች ለዚያ ዐይነቱ ድንጋያማ መንገድ አይሆኑም ነበር። ስለዚህ ወጣቶቹ ወደ አሮጌው ዕቃ ዞሩ። ሽዊን የተባለው የአሜሪካ አምራች እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ ያወጣቸው ወፋፍራም ጎማ ያላቸው ከባድ ብስክሌቶች ዘመናቸው አልፎ በየመጋዘኑና በየጓሮው ቆመው ነበርና እነርሱን በርካሽ እየገዙ ወደ ተራራው አወጧቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 «ሪፓክ» የተባለው የቁልቁለት ውድድር ተጀመረ። ስሙም የመጣው የኋላው ፍሬን በቁልቁለቱ ከመጋሉ የተነሣ ቅባቱ ጨሶ ስለሚያልቅ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ እንደገና መሞላት ስለነበረበት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጆ ብሪዝ ለዚሁ ሥራ ብቻ የታሰበ አዲስ ብስክሌት ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ የተራራ ብስክሌት የሚሸጥ ድርጅት አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ስፖርቱ በአትላንታ ኦሎምፒክ ገባ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። እነዚያ አሮጌ ብስክሌቶች በየጓሮው የቆሙት ባለቤት አጥተው አልነበረም፤ ነጂ አጥተው ነበር። ባለቤቶቻቸው ሁሉ «ይቆይ፣ አንድ ቀን ይጠቅም ይሆናል» ቢሉ ኖሮ ወጣቶቹ ወደ ተራራው የሚያወጡት ነገር ባላገኙ ነበር። ዛሬ ሁለተኛ የምንላትና ጨክነን የማንለያት ብስክሌት ራሷ፣ ሌላ ሰው ከማይነዳት ብስክሌቱ በመለየቱ ወደ ዓለም የመጣች ናት።

ይሁን እንጂ ከገንዘብና ከታሪክ ክርክር የሚበረታ ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም ወዳጅነት ነው። ተራራ ብቻውን ለሚወጣ ሰው የተመቸ አይደለም። የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ጎማ ቢፈነዳ፣ ሰው ቢወድቅ፣ ውሻ ቢነሣ፣ ከጎን ያለ ሰው ዋጋው ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ብስክሌት የሚገዛውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ለራስ ሳይሆን አብሮ ለሚወጣ ሰው። የእኔዋም እንዲሁ ነበረች። ገንዘቡን የከፈልሁት እኔ ብሆንም ኮርቻውን በቁመቱ ልክ ያስተካከለው አንድ ወዳጄ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ የባሕር ዛፉን ጭስ እየማግን አብረን እንወጣ ነበር። እርሱ ወደ ሜሪላንድ ከሄደ ሁለት ዓመት አለፈው። ብስክሌቷም ያን ጊዜ እንደ ቆመች ቆማለች፤ የኮርቻው ቁመት እንኳ አልተነካም።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የሚከብደው። ይህችን ብስክሌት መሸጥ ማለት «አይመለስም» ብሎ አፍ አውጥቶ እንደ መናገር ይመስላል። ልጇ ባሕር ማዶ የሄደ እናት አልጋውን አንጥፋ እንደምታቆይ፣ ኮቱን ከመስቀያው እንደማታወርድ፣ እኛም ዕቃን የተስፋ መያዣ አድርገን እናስቀምጣለን። በየቤታችን እንዲህ ያለ ነገር አለ። ማንም ቢሆን በዚህ ሊስቅ አይገባውም። አልጋ ግን አንድ ሰው ቢተኛበት ባይተኛበት አልጋ ነው፤ ብስክሌት ከላይ እንዳየነው እንዲህ አይደለችም። ተስፋን በሚደርቅ ጎማ ላይ ማስቀመጥ ተስፋውንም ጎማውንም አይጠብቅም።

ለወዳጄ ነገሩን በስልክ ሳነሣለት ቅር ይለዋል ብዬ ነበር። ስለ ዋጋዋ አልጠየቀኝም። «ጎማዋ ደኅና ነው?» አለኝ። ደኅና መሆኑን ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እኔ ስመጣ ተከራይቼም ቢሆን እወጣለሁ፤ አንተ እስከዚያ ብቻህን ነው የምትወጣው?» አለኝ።

ይህች አጭር ጥያቄ ክርክሩን ሁሉ ገለበጠችው። እስከዚያ ድረስ የተነጋገርነው የሄደውን ሰው ቦታ ስለ መጠበቅ ነበር። እርሱ ግን የተመለከተው የቀረውን ሰው ነው። የሁለተኛ ብስክሌት ሥራ አንድ ሰው ከባለቤቷ ጎን እንዲወጣ ማድረግ ከሆነ፣ ለአንድ ሰው ተብላ ለሌላው ሁሉ የተዘጋች ብስክሌት ሥራዋን ትታለች ማለት ነው። ቦታው ተጠበቀ፤ ጉዞው ግን ቀረ። ስለዚህ የምለው ይህ ነው፤ ሁለተኛ ብስክሌት የምትመዘነው እኔ በስንት ቀን አንዴ ነዳኋት በሚለው አይደለም፤ ሌላ ሰው ነዳባት ወይ በሚለው ነው። ነጂ የሌላት ብስክሌት ባለቤት በእውነቱ ባለቤት አይደለም፤ የራሱ ዕቃ ዘበኛ ነው፤ ያውም ደመወዝ የሌለው።

ነጂ ደግሞ ጠፍቶ አይደለም። ዕድሜው የፈቀደለት የአዲስ አበባ ልጅ የሰፈር ሳይክል ኪራይን ያስታውሳል። በአንድ ሜዳ ላይ የቆሙ ሁለት ሦስት ብስክሌቶች፣ በደቂቃ የሚቆጠር ሰዓት፣ «ሰዓትህ አልቋል፣ ውረድ!» የሚል አከራይ፣ ተራ የሚጠብቅ የልጅ መዓት። አንዲት አሮጌ ብስክሌት ሰፈር ሙሉ ልጅ ሚዛን መጠበቅ አስተምራለች። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌት ጋላቢዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ የወጣው ብስክሌት የዕለት ኑሮ አካል ከሆነበት ከትግራይ ምድር ነው። ጋላቢ የሚበቅለው ብስክሌት ከእጅ ወደ እጅ በሚሄድበት አገር ነው፤ ብስክሌት በጓዳ በሚቆለፍበት ሰፈር አይበቅልም።

የከተማችንም መንገድ እንደ ቀድሞው አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» በተመረጡ እሑዶች መኪና የማይገባባቸው አደባባዮች ላይ ልጆች ብስክሌት ሲነዱ ታዩ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለብስክሌት የሚሆን መንገድ ይዞ መጣ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት በተሠሩት ጎዳናዎች ላይ የብስክሌት መሥመር ተዘርግቷል። መንገዱ መጣ፤ የብስክሌቱ ዋጋ ግን ከወጣቱ እጅ ራቀ። ከላይ «ትቆይ» ለማለት ያቀረብነው የብር መድከም ምክንያት፣ ከሌላው ወገን ሲታይ «ትሸጥ» ለማለት የበለጠ ይጠቅማል፤ አዲስ ብስክሌት እየተወደደ በሄደ ቁጥር ያገለገለች ደኅና ብስክሌት ለገዢው ያላት ጥቅም ይጨምራልና።

«እንዲህ ካልህ ለምን በነጻ አትሰጥም?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መስጠት መልካም ነው፤ ያለውን የሰጠ ንፉግ አይባልም። ሆኖም በነጻ የተቀበለ ሰው የምስጋና ዕዳ ይሸከማል። ቢሰበርበት ያፍራል፣ ሸጦ ሌላ ልግዛ ቢል ሰጪውን የከዳ ይመስለዋል። በዐቅሙ ከፍሎ የገዛት ግን ጌታዋ ይሆናል፤ እንደ ልቡ ይጠግናታል፣ እንደ ልቡ ይለውጣታል። ስለዚህ በደላላ በኩል የመጨረሻውን ብር ከመጭመቅ፣ ለሚነዳት ሰው በሚደርስበት ዋጋ፣ ቢያስፈልግም ዕቁቡ እስኪደርሰው ጠብቆ መሸጥ የተሻለ ነው እላለሁ። ሻጩም ግዴታ አለበት። ፍሬኗንና ሰንሰለቷን አሠርቶ፣ ጉድለቷን ሳይደብቅ ተናግሮ፣ በምስክሮች ፊት አጭር የሽያጭ ውል ጽፎ ያስረክባት። ውል የሌለው ወጣት በመንገድ ላይ «ከየት አመጣሃት?» ሲባል የሚመልሰው አያገኝምና፣ ያቺ ወረቀት ከጎማዋ ባልተናነሰ ታስፈልገዋለች።

ሁሉም ይሽጥ ማለቴ ግን አይደለም። ባልና ሚስት የሚፈራረቁባት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምትወጣ፣ በቁመት እየደረሰባት ያለ ልጅ የሚጠብቃት ብስክሌት አልፎ አልፎ ብትነዳም ሥራ ላይ ናት። እንዲህ ያለችውን ለመሸጥ መቸኮል የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው መሆን ነው። ልዩነቱን ለማወቅ የሚረዳ ቀላል መስፈሪያ ልጠቁም፤ ከመስቀል እስከ መስቀል ያለውን ዓመት ቁጠሩ። በዚያ ዓመት ከእናንተ ሌላ ሰው ተቀምጦባት ከሆነ፣ ወይም ሊቀመጥባት የሚችለውን ሰው ስሙን ጠርታችሁ ቀኑን መናገር ከቻላችሁ፣ ትቆይ፤ ግን ጎማዋ ተነፍቶ፣ ሰንሰለቷ ተቀብቶ ትቆይ። «አንድ ቀን»፣ «ምናልባት»፣ «ማን ያውቃል» ከሚሉት ቃላት በቀር መልስ ካጣችሁ ግን ጎማዋ ገና ደኅና ሳለ ነጂ ፈልጉላት።

የእኔዋ ትሸጣለች። ኮርቻዋን ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ሰው በቁመቱ ልክ ያስተካክለው። ከተሸጠች ወዲያ የእርሱ ናት፤ ወደ ገበያ ይንዳት፣ ወደ ሥራ ይንዳት፣ የምጠይቀው ነገር የለም። ቅዳሜ ማለዳ የእንጦጦ ዳገት ካማረው ግን መንገዱ ለሁለት ይበቃል፤ ወዳጄም ከሜሪላንድ ሲመጣ ለሦስት ይበቃል።

ቸር እንሰንብት።